አማርኛችን ለሳሳብን ሰዎች፦ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ለቃላት ብሎ ማንበብ ያዋጣል?

ይህን የምጽፈው አማርኛ እየተናገሩ አማርኛ ላጠራቸው ሰዎች ነው። ቀኑን ሙሉ ስናወራ እንውላለን፣ ግን የምንጠቀምባቸው ቃላት ቢለቀሙ አንድ ገጽ አይሞሉም። የወደድነው ሁሉ «አሪፍ» ነው፣ የጠላነው ሁሉ «ይደብራል»፣ የቀረውን «ምናምን» ይሸፍንልናል። ከዚያ የሆነ ቀን ለቅሶ ቤት ወይም ሰርግ ላይ ሁለት ነገር ተናገር ስትባል አፍህ ይተሳሰራል።

ቃላት ለመጨመር የሚነገሩ መላዎች ሞልተዋል። ዝርዝር መሸምደድ አለ። በየቀኑ አንድ ቃል የሚለጥፉ የቴሌግራም ቻናሎች አሉ። መዝገበ ቃላትን ከ«ሀ» ጀምሮ ላንብብ የሚልም አይጠፋም፣ «ለ» ሲደርስ ግን አላየሁትም። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው፦ አንድ ታሪካዊ ተውኔት ይዞ ቁጭ ማለት። ለዚህ የመረጥኩት የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። እንደ ድራማ ምን ያህል ይመዝናል የሚለውን ለቲያትር ሰዎች እተወዋለሁ። እኔ የማየው እንደ ቃላት መማሪያ ነው።

ታሪኩን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ወታደሮች ጥይት ተረሸኑ። ደራሲው የተወለደው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው፣ ማለትም አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ። ይህ አጋጣሚ ለቃላት ምንም አይጠቅምም፣ ግን ካወቅሁት ወዲህ መጽሐፉን በከፈትኩ ቁጥር ይታወሰኛል።

ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ ግን ይጠቅማል፣ ያውም በጣም። ልብ ወለድ ስታነብ ግማሹ ጉልበትህ «ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው?» ላይ ያልቃል። እዚህ መጨረሻው ይታወቃል። ሰውዬው እንደሚገደሉ ታውቃለህ፣ ቀኑንም ታውቃለህ። ስለዚህ ጆሮህ ነጻ ነው፣ ማን ምን አለ ሳይሆን እንዴት አለው የሚለውን መስማት ትጀምራለህ። ቃል የሚለቀመው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

በጣም የታወቀው ክፍል ጳጳሱ ለእመ ብርሃን የሚያሰሙት ረጅም እሮሮ ነው። በየትምህርት ቤቱ መድረክ ሲነበነብ የሰማ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ቃላቱን ሳላውቃቸው ዜማውን ነበር የማውቀው። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው።

አንድ ቦታ ላይ ስለ አውሮፓ ያነሳል። አውሮፓን እንደ ታመመ ገላ ነው የሚያያት። ትናጋዋን ፋሺስታዊ ነቀርሳ በልቶታል፣ ጫንቃዋ ላይ ሂትለራዊ እባጭ ተጭኗል፣ አንገቷ ወደ ታች ተጠምዟል። በእነዚህ ጥቂት ስንኞች ውስጥ ስንት ቃል እንዳለ ልብ በሉ። ትናጋ የአፍ ውስጥ ጣሪያ ነው። ዛሬ ጥርስ ሐኪም ቤት ካልሆነ ማን ያነሳዋል? ነቀርሳን «ካንሰር» ከቦታው ገፍቶታል። ጫንቃ ዜና ላይ «በሕዝብ ጫንቃ» ሲባል እንሰማዋለን እንጂ ከትከሻ ጋር አያይዘን የምናስበው ጥቂቶች ነን። እባጭ ደግሞ ከሴት አያቶቻችን አፍ ሳይወጣ የቀረ ቃል ነው።

እነዚህን አራቱን በዝርዝር ብትሸመድዳቸው ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ ይጠፋሉ። እዚህ ግን ሁሉም የአንድ ሰውነት ክፍሎች ሆነው ነው የሚመጡት፣ አንዱን ስታስታውስ ሌላውን ጎትቶ ያመጣዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክንያት አላቸው። ለምን ትናጋ? መናገሪያ ስለሆነ ነዋ! ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ አቤት ያሉት በዚያው በ1928 ሰኔ መጨረሻ ነው። የዓለም መንግሥታት ማኅበር መልሱ ጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ሐምሌ ላይ ማንሳት ሆነ። ጳጳሱ የተገደሉት በዚያው ሐምሌ ነው። መናገር የሚገባት አውሮፓ አልተናገረችም፣ ስለዚህ የበሰበሰው ትናጋዋ ነው። ይህን ከያዝክ በኋላ ትናጋ የሚለውን ቃል ልርሳህ ብትለው እንኳ አይረሳም።

ከዚያ ክፍል በፊት ደግሞ ሌላ አለ። የአገሪቱን መከራ ሲዘረዝር ፈተና፣ ሰቀቀን፣ ጣር እያለ ይደረድራል። እኛ ብንሆን ሦስቱንም «ጭንቀት» ብለን እንገላገል ነበር። ግን አንድ አይደሉም። ፈተና ከውጭ የሚመጣብህ ነው። ሰቀቀን ውስጥ ውስጡን የሚበላህ ነው፣ መሳቀቅን አስቡ፣ እያንዳንዱ የበር ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው ያለበትን ሁኔታ። ጣር የመጨረሻው ነው፣ ነፍስ ልትወጣ ስትል ያለው ትግል። ስለዚህ ድርድሩ ደረጃ አለው፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ሞት አፋፍ ይወርዳል። ትምህርት ቤት «ለተሰመረባቸው ቃላት ፍቺ ስጡ» ስንባል አንዱን በሌላው ተክተን ሙሉ ማርክ አግኝተናል። ያ ማርክ ነው እንግዲህ አማርኛችንን ያሳሳው።

መቀነት የምትለዋም እዚያው አካባቢ ናት። ቃሏን ሁሉም ሰው ያውቃታል፣ አዲስ የሚሆነው አጠቃቀሟ ነው። እናት ሳንቲሟን የምትቋጥረው፣ ለልጇ የምትፈታውም ከመቀነቷ ነው። እመቤታችን በኢትዮጵያ ላይ መቀነቷን አጠበቀች ብሎ መውቀስ፣ እኔ እንደምረዳው፣ እናት ለልጇ መስጠት ነፈገች እንደማለት ነው። ቃላት መጨመር ማለት ሁልጊዜ የማታውቀውን ማግኘት አይደለም፣ የምታውቀው ቃል ምን ድረስ እንደሚሄድ ማየትም ጭምር ነው። ይህን የትኛውም ቻናል አይልክልህም።

አነባበቡ ላይ አንድ ነገር ልበል። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ጸጋዬ ስንኙን በስምንት በስምንት ቀለም (በግጥም ቀለም ማለት አንድ የድምፅ ቁራጭ፣ ሲላብል ነው) እየመታ ነው የሚሄደው፣ «የጸጋዬ ቤት» የሚባለው ይኸው ምት ነው። በዓይን ብቻ ስታነበው ትርጉሙ የሚያስቸግር ቦታ፣ በአፍህ ስታወጣው የት ማረፍ እንዳለብህ ምቱ ራሱ ይነግርሃል። መጀመሪያ ላይ መዝገበ ቃላት አትንኩ። በእርሳስ ነካ ነካ እያደረጋችሁ እለፉ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቃል ሲደጋገም በራሱ ይፈታል።

መዝገበ ቃላት ላይ ስትደርሱ ግን ትንሽ ፈተና አለ። በ1951 ዓ.ም. የታተመው የከሳቴ ብርሃን ተሰማ ለእንዲህ ያለው ሥራ ጥሩ ነው፣ የደስታ ተክለ ወልድ የ1962ቱም የቆዩ ቃላትን በደንብ ይዟል። የግዕዝ ሥር ያለው ቃል ሲገጥም ወደ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት መሄድ ነው፣ ነገር ግን ፊደሉ የተደረደረው በአበገደ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው ቅደም ተከተል) ስለሆነ ሀሁ የለመደ ጣት ይቅበዘበዛል። የፊደል ነገርም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንደልብ ስለሚቀያየሩ ያጣችሁትን ቃል በሌላው ፊደል ሞክሩት። የደራሲው ስም ራሱ አንድ ቦታ በጸ፣ ሌላ ቦታ በፀ ነው የሚጻፈው።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ፣ አለው።

አንደኛ ነገር፣ እኔ እጅ ያለው ቅጂ የቃላት መፍቻ የለውም። ከኋላ አምስት ገጽ ቢጨመርበት ስንቱን ሰው በገላገለ። መምህር ለሌለው አንባቢ፣ በተለይ ውጭ አገር ላደገ ልጅ፣ ይህ ትልቅ ግድግዳ ነው። አማርኛ ገና ለጀመረ ሰው ይህን መጽሐፍ መስጠት ደግሞ ዋና የማይችልን ሰው ጣና ላይ መወርወር ነው፣ አታድርጉት።

ሁለተኛ፣ የግጥም አማርኛ የወሬ አማርኛ አይደለም። ስንኙ ስምንት ቀለም ስለሚፈልግ አንዳንዱ ቃል ያጥራል፣ አንዳንዱ ቦታውን ይቀይራል፣ ግስ የሚዋጥበትም አለ። እንዳለ አንስተህ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብትጠቀምበት ያስቅብሃል። ኔትወርክ ስለተቋረጠበት «ሰቀቀኔ በዛ» ብሎ የለጠፈ ሰው አይቻለሁ፣ ወንድሜ፣ ዋይፋይ ነው እኮ!

ሦስተኛው የዚህ ተውኔት ጥፋት አይደለም፣ ግን ይታወቅ። እዚህ የሚገኘው ቃል በብዛት የጸሎት፣ የሐዘንና የገላ ነው። የቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ቃል የፈለገ ሰው ጸጋዬ ስለ አፄ ቴዎድሮስና ስለ አፄ ምኒልክ የጻፋቸውን ይጨምር። እነዚያን ስታነብ የማዕረግ ስሞቹ እንዳያስፈሯችሁ። እንደ ጦር ሰልፍ አስቧቸው፦ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ። የጦሩን አሰላለፍ ካያችሁ ግማሹ ተፈታ።

በጣም የወደድኩት ነገር ግን ቃል መሥራትን ማስተማሩ ነው። «ሂትለራዊ» የሚለውን እንደገና እዩት። የሰው ስም ወሰደ፣ «አዊ» ቀጠለበት፣ ቅጽል አደረገው፣ ከዚያ እባጭ ላይ ለጠፈው። ይህን መንገድ አንዴ ካየኸው የራስህን መሥራት ትችላለህ። እኔ የጎረቤታችንን የሰፈር ኮሚቴ ሰብሳቢ ስም ወስጄ ሞክሬዋለሁ፣ ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዷን የቀነስኩት በመፍቻው ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ፣ አማርኛ አቀላጥፎ የሚያነብ ግን ሲጽፍ ቃል የሚያጥረው ሰው ቢገዛው አይቆጭም። ጋዜጠኛ፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚሠራ፣ መድረክ የሚመራ ሰው ደግሞ ማንበቡ ግዴታው ነው እላለሁ። ሙሉውን ለመጀመር የከበዳችሁ የእመ ብርሃንን እሮሮ ብቻ አውጡና ከአንድ ሰው ጋር እየተቀባበላችሁ አንብቡት፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ያልገባውን ቃል ያስምር።