የተማሪ በገና በእጅ ሥራ፦ እንጨቱ ደኅና፣ እንዝራው ያልተጨረሰ

በአዲስ አበባ በትእዛዝ የተሠራው ይህ የተማሪ በገና አሥር አውታር አለው፤ ቁመቱ ከ1 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ምሰሶዎቹና ከላይ የሚያገናኛቸው ቀንበር ዋንዛ ናቸው፣ ድምፅ በሚያጎላው ሣጥን፣ በገበቴው፣ ላይ የተወጠረው የበሬ ቆዳ ነው። ምሰሶዎቹ ቀንበሩ ውስጥ ጥብቅ ብለው ገብተዋል፤ ተይዘው ቢነቀነቁም ንቅንቅ አይሉም። እንጨቱ ሳይደርቅ ቢሠራ ኖሮ ሲደርቅ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈት ነበር፤ ያን ጊዜ ቅኝት አይጸናም።

ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ከኋላ በጠፍር ተሰፍቷል። በጣት ሲመታ መሐሉም ዳሩም እኩል ይሰማል፤ ጥላ ላይ ቀስ ብሎ የደረቀ ይመስላል። ፀሐይ ላይ በችኮላ የደረቀ ቆዳ ስፌቱ አጠገብ ይሰነጠቃል። የሚያሳዝነው ቫርኒሹ ከእንጨቱ አልፎ ቆዳው ላይም መቀባቱ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ግን ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ድምፁንም ያፍነዋል። ሲታዘዝ «ቆዳው አይቀባ» ማለት ይገባል።

ትልቁ ጉድለት እንዝራው ላይ ነው። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ ንዝረት የሚመጣው አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ እና በአውታሩ መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራዋ፣ ነው፤ እዚህ ግን አራቱ አውታሮች ደረቅ ድምፅ ይሰጣሉ። እንዝራዎቹ ከወፍራም ቆዳ ስለተቆረጡ አውታሩ ቆዳው ላይ ይተኛል እንጂ እየነካካው አይርገበገብም። መፍትሔው ቆዳውን በስለት ማሳሳት ነው። ከዚያ አውታሩ መጀመሪያ ወደ ቅኝቱ ይከረራል፤ ቀጥሎ እንዝራዋን በጥፍር ወደፊትና ወደኋላ በጣም በጥቂቱ እየገፉ አውታሩን መምታት ነው። ከልክ በላይ ከገባች ድምፁ ይታፈናል፣ ከወጣች ንዝረቱ ይጠፋል። ድምፁ ሞልቶ ረዘም ሲል እዚያው ትተዋለች። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቅኝት በተለወጠ ቁጥርም እንደገና ይነካካል፣ የአውታሩ ውጥረት አብሮ ይለወጣልና።

አውታሮቹ የበግ አንጀት መሆናቸው ያስመሰግናል፤ ናይለን በቀላሉ አይበጠስም እንጂ ያን የሻከረ፣ ከታች የሚወጣ ድምፅ አይሰጥም። አንጀት ግን እርጥበት ይወዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከቆዳው ጋር አብሮ ይላላል። አውሮፓና አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ቆዳውም አንጀቱም ይኮማተራል። ከማሞቂያው አርቁት፣ ለብዙ ቀን ካልደረደራችሁትም አውታሮቹን ትንሽ አላሏቸው።

ለመማሪያ እንመክረዋለን። ሂሳቡ ከመከፈሉ በፊት ግን ሠሪው አሥሩንም አውታር አንድ በአንድ መትቶ ያሰማችሁ፤ ሁለት ትርፍ አንጀትና ጥቂት ስስ ቆዳም አብሮ ይጨምርላችሁ።