ታድሶ የገባ የኤን ፒ አር ሞተር ከወራት ሥራ በኋላ፦ ትንፋሹ ከየት ነበር?

መኪናዬ አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። ሞተሩ 4ኤችኤፍ1 ነው፤ 4.3 ሊትር፣ ቱርቦ የለውም። ሥራው ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት ወደ ባሕር ዳር ማመላለስ ነው። አልፎ አልፎ ወደ እንጅባራም ይወጣል። ሞተሩ ሙሉ እድሳት ተደርጎለታል። ሊነር (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ)፣ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተኑ ዙሪያ ቀለበቶች)፣ ብሮንዚኒና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቀይሯል፤ ባልቮላዎቹም ተሞርደዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሠርቷል። በእድሳቱ ረክቻለሁ። ግን መሀል ላይ ሞተሩን ዳግም ሊያስወርደኝ የደረሰ ችግር ነበር፤ ትንፋሽ።

ጤነኛ ሞተርም በመጠኑ ይተነፍሳል። ፋሻ መቶ በመቶ አይዘጋም። ከፒስተኑ በላይ ከሚቃጠለው ጋዝ ትንሹ በጎን አልፎ ወደ ኮፓ፣ ማለት ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ይወርድና በትንፋሽ ቧንቧው ይወጣል። ችግር የሚሆነው ሲበዛ ነው። ኮፓው ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱ ደግሞ ዘይቱን በዲፕስቲኩ (በዘይት መለኪያው ዘንግ) ቀዳዳና በፓራዮሊ (በዘይት ማገጃው ጎማ) በኩል እየገፋ ያወጣዋል። የኔ መኪና የዘይት መሙያ ክዳኑ ሲከፈት ያጨስ ነበር። ክዳኑን ገልብጠው ሲያስቀምጡበት ይዘላል። በዚህ ብቻ ብዙ ሰው «ፋሻው አልያዘም፣ ይውረድ» ይላል። በኔ እምነት ይሄ የክዳን ፍርድ ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ እንዲያወጣ አድርጓል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ አያስደነግጥም። አዲስ ፋሻ ከአዲስ ሊነር ጋር ገና አልተላመደም። የሚያላምዳቸው ደግሞ ጭነት ነው። የቃጠሎው ግፊት ከላይኛው ፋሻ ጀርባ ገብቶ ወደ ሊነሩ ግድግዳ ይገፋዋል። ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ሲንኳኳ ከዋለ ይህ ግፊት አነስተኛ ነው። ያኔ ሊነሩ ላይ ያለው የሆኒንግ ጭረት (ሆን ተብሎ የሚጫረው ስስ መስመር) በተቃጠለ ዘይት ይሸፈንና መስታወት ይመስላል፤ ፋሻውም መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ «አዲስ ሞተር ነው፣ ቀስ አርገህ አሙቀው» እየተባለ ግቢ ውስጥ ለሰዓታት ማስነሳት ይጎዳል። የኔው የተላመደው የእንጅባራን መንገድ መካከለኛ ጭነት ይዞ ሲወጣ ነው። ከባሕር ዳር 1,800 ሜትር ተነስቶ እስከ 2,500 ሜትር ገደማ የሚወጣ መንገድ ነው። ሞተሩን ሳያስጨንቁ ለረጅም ጊዜ ያሠሩታል። ትንፋሹ በግልጽ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም።

ቀጥሎ ኮምፕረሽን፣ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት፣ ተለካ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ጌጁ ላይ የሚነበበው ቁጥርም በዚያው ልክ ይወርዳል። በባሕር ጠለል ከተሰላ ቁጥር ጋር አስተያይቶ «ኮምፕረሽን የለውም» ማለት ስህተት ነው። አራቱን ሲሊንደር እርስ በርስ ማወዳደር ይሻላል። የኔዎቹ ተቀራራቢ ነበሩ። ሲሊንደሮቹ እኩል ከሆኑ ያ ሁሉ አየር ከየት ይመጣል?

መልሱን የጠቆሙኝ አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ አሽትተው» አሉኝ። ፋሻ የሚያሳልፈው ጋዝ የተቃጠለ ናፍጣ ይሸታል፤ ዓይንም ያቃጥላል። የኔው ትኩስ ዘይት ዘይት ብቻ ነበር የሚለው። «ጋሼ፣ ታዲያ ምንድነው?» ስላቸው እጃቸውን ዲናሞው ላይ አደረጉ።

በዚህ ሞተር ላይ ከዲናሞው ጀርባ ቫኪዩም ፓምፕ አለ። ፍሬን የሚያግዘውን ሰርቮ የሚያገለግለው እሱ ነው። ከሰርቮው በኩል የሳበውን አየር ከቅባቱ ዘይት ጋር የሚተፋው ወዴት ነው? ወደ ሞተሩ ውስጥ። መስመሩ ቀዳዳ ከሌለው ፓምፑ የሚስበው ስለሚያልቅበት ጸጥ ይላል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ሰርቮው ካሳለፈ ግን የውጭ አየር ያለማቋረጥ ወደ ኮፓው ይሞላል። በትንፋሽ ቧንቧ የሚወጣው ያ ነው፤ ፋሻውን አያውቀውም። የአየር ፍሬን ባላቸው ትልልቅ መኪኖችም ያረጀ ኮምፕረሰር ይሄንኑ ያደርጋል።

አረጋገጥነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ታኮ ገብቶለት፣ የግንበኛ የውሃ ልክ ቱቦ ግማሹን ውሃ ሞልተን አጠፍነውና አንዱን ጫፍ የዲፕስቲኩ ቀዳዳ ላይ ገጠምነው። ሌላው ጫፍ ክፍት ነው፤ ትንፋሽ ቧንቧውም አልተደፈነም። በሁለቱ ክንድ መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት የኮፓውን ግፊት ያሳያል። ከዚያ የቫኪዩሙን ቱቦ ከፓምፑ ነቅለን የፓምፑን አፍ ደፈንን። ውሃው ወዲያው ወደ እኩልነት ተጠጋ። አፉን ስንከፍት መልሶ ተገፋ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። ይህን እያደረጋችሁ ግን መኪናውን በፍጹም አትንዱ፤ የፍሬን አጋዥ የለውም።

ጥፋቱ ክላምፑ ሥር የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ ነበር። ፍሬኑም ጠንከር ብሎ ነበር፤ ግን ማንም ከሞተር ጋር አላያያዘውም። ያደሰው ጋራዥ ሞተሩን በሙሉ አድሶ አሮጌውን ቱቦ መልሶ መግጠሙ ያሳዝነኛል። የእድሳት ዋጋ ከፍሎ የቱቦ ዋጋ ምን አለው?

ፓምፑ ንጹህ ሆኖ ትንፋሹ ከቀጠለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ የየሲሊንደሩን የኖዝል (የናፍጣ መርጫ) ቧንቧ ተራ በተራ ማላላት ነው። የአንዱ ናፍጣ ሲቋረጥ ትንፋሹ ከቀነሰ ጥፋቱ እዚያ ነው። ይሄን መካኒክ ይሥራው፤ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሌላው ጠላት አቧራ ነው። በበጋ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ሩዝ ማሳዎቹ የሚያስገባው መንገድ ዱቄት ነው። ከአየር ማጣሪያው እስከ ማኒፎልዱ (የሞተሩ አየር ማስገቢያ) ያለው የጎማ ቱቦ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ አዲስ ፋሻ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ቱቦውን በውስጡ በጣቴ ጠርጌ አያለሁ። ጣቴ አቧራ ይዞ ከወጣ መኪናው አይሄድም።

ዛሬ ክዳኑ ሲከፈት ስስ ጭስ ብቻ አለ፤ ለዚህ ሞተር ደህና ነው። 15/40 ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ፤ በመሀል መሙላት ቀርቷል። ከእንጅባራ መንገድ ሲመለስም የኮፓው ዙሪያ ደረቅ ነው። የቀረኝ የኋላው ፓራዮሊ ነው። ግፊቱ በነበረበት ጊዜ ትንሽ ስለተጎዳ ያንጠባጥባል። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ካልወረደ ስለማይገኝ ፍሪሲዮን ሲቀየር አብሮ ይሠራል። ሞተር ልታሳድሱ ከሆነ ከጋራዡ ጋር ስትዋዋሉ የቫኪዩም ፓምፑን፣ የቱቦዎቹንና የሰርቮውን ፍተሻ በጽሑፍ አስገቡ።