ጠቅልላችሁ ሐዋሳ ለገባችሁ፦ ይህን ኢንሹራንስ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

ከውጭ ጠቅልላችሁ የገባችሁ፣ ወይም ሻንጣ በማሸግ ላይ ያላችሁ፦ «ዓለም አቀፍ የጤና ኢንሹራንስ» የሚል ወኪል ሲመጣባችሁ፣ ወረቀቱ የጤና ይሁን የጉዞ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትስጡ። እኛ ሰጥተናል።

አጎቴ ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ይዞ መጣ። ሐይቁ አጠገብ ቤት ተከራየ፤ ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል የአሳ ሾርባውን ይጠጣል፤ ላገኘው ሁሉ «አገሬ ገባሁ» ይላል። ይህቺን ቃል ያዙልኝ። ወኪሉንም ያገኘው እዚያው ነው። ትሁት ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ያለ ኢንሹራንስ እንዴት ይቀመጣሉ?» አለው። አረቦኑ በዶላር፣ የዓመቱ በአንዴ። በምትኩ ወርቃማ ካርድና አርባ ገጽ እንግሊዝኛ ተሰጠን። ካርዱን አየነው፤ አርባውን ገጽ ማን ያነባል?

በስምንተኛው ወር ሆዱን ሲቆርጠው አደረ። የሐሞት ጠጠር። የግል ሆስፒታል ወስደን ካርዱን ስንሰጥ ካሸሯ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ከእነዚህ ጋር ውል የለንም፣ ዲፖዚት አስይዙ» አለችን። እሷ ምን ታድርግ፤ ውሉ ራሱ መጀመሪያ ከኪስ ተከፍሎ፣ በደረሰኝ ተጠይቆ የሚመለስ ዓይነት ነው። እህቶቹ አዋጡ፣ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ተመስገን ተርፏል። ደረሰኙን ከነማህተሙ፣ የሐኪሙን ወረቀት ከነትርጉሙ ላክን።

መልሱ፦ አይከፈልም። ለካስ የጉዞ ኢንሹራንስ ኖሯል። በ«መኖሪያ አገር» የተደረገ ሕክምናን አይሸፍንም፤ መኖሪያ አገር ማለት ደግሞ ሰውየው ቤት ይዞ የሚኖርበት ነው። አጎቴ አገሬ ገባሁ ሲል እነሱ አምነውታል! የሐዋሳውን አድራሻ ቅጹ ላይ የሞላው ግን ወኪሉ ራሱ ነበር።

«ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) አለኝ» የምትሉም አትዘናጉ። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለታከማችሁበት አይከፍልም። ቢሆንም ፓርት ቢን፣ ማለትም በየወሩ የሚከፈልበትን የሜዲኬር የሐኪም ሕክምና ክፍል፣ ከማቋረጣችሁ በፊት አስቡበት፤ በኋላ ልመለስ ስትሉ፣ ለቀራችሁበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር በወርሃዊው ክፍያ ላይ 10 በመቶ ቅጣት ሊጨመርባችሁ ይችላል። አጎቴ ጥሎት ነው የመጣው።

እዚህ አገር መድን የሚሸጥ ወኪል የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አሳየኝ በሉት። ሐዋሳ ውስጥ በቀጥታ የሚከፍሉለትን ሆስፒታል በስሙ ይጥቀስ፤ ከዚያ ራሳችሁ ሄዳችሁ ካሸሩን ጠይቁ፣ በወኪሉ ስልክ አይደለም። የቆየ ደም ግፊትና ስኳር ካለባችሁ ከስንት ወር በኋላ እንደሚሸፈን በጽሑፍ ይስጣችሁ። «በአውሮፕላን እናነሳዎታለን» ሲልም ወዴት በሉ። ብዙ ውል ላይ የሚጻፈው «በቅርብ ወዳለው ተስማሚ ሆስፒታል» ነው፤ ያ ከሐዋሳ ሲታሰብ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል እንጂ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላይሆን ይችላል።

ወኪሉ አሁን የእኛን ስልክ አያነሳም። ባለፈው ቅዳሜ ግን እዚያው ሾርባ ቤት፣ አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ አጠገብ ፋይሉን ዘርግቶ ተቀምጦ አየሁት።