በግማሽ ዋጋ ቬንትሌተር ፈልጌ የቴሌግራም አካውንቴን አስረከብኩ

«ልጄ፣ ብሩ ደረሰህ ወይ?» አለችኝ አክስቴ ከሐረር ደውላ።

የምን ብር? እኔ ከማንም ብር አልጠየቅኩም።

ለካ ጠይቄያለሁ። በራሴ ቴሌግራም፣ ከነፎቶዬ፣ «ችግር ገጥሞኝ ነው፣ ነገ እመልሳለሁ» ብዬ። 3,000 ብር ልካለች፣ ያውም በማላውቀው ሰው ስም።

የድሬን የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሳቢያን ያለው ቤቴ ከሰዓት በኋላ ምጣድ ነው። በዚያ ሰዓት ከአንድ የሰፈር ጓደኛዬ መልእክት ገባ። መብራት ቢጠፋም በባትሪ የሚሠራ ቬንትሌተር፣ በግማሽ ዋጋ፣ ዛሬ ብቻ። ታይዋን ገበያ ዞሬ ስለነበር ዋጋውን አውቀዋለሁ። ግማሽ! ሊንኩን ነካሁት።

ገጹ ያምራል። «ከዚራም ሆነ መጋላ በነፃ እናደርሳለን» ይላል። ከላይ የቁልፍ ምልክት አለው፤ እኔም እሱን አይቼ ተማመንኩ። የቁልፉ ምልክት ግን የሚናገረው መስመሩን ሌላ ሰው እንደማያነበው ብቻ ነው። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ሌባ ይሁን ነጋዴ አይነግራችሁም።

ለማዘዝ ኢሜይልና ፓስዎርድ አስገባ አለኝ፣ አስገባሁ። ከዚያ «በቴሌግራም ያረጋግጡ» አለ። ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩ፣ ኮድ መጣ፣ እሱንም ሞላሁ። ኮዱን ያመጣው መልእክት ራሱ «ለማንም እንዳትሰጥ» ይላል። የኔ ዓይን ያረፈው ቁጥሮቹ ላይ ብቻ ነው።

የሆነው ይሄ ነው፦ እኔ ቁጥሬን ስጽፍ እነሱ እውነተኛው ቴሌግራም ላይ ያስገቡታል። ኮዱን የላከው እውነተኛው ቴሌግራም ነው። እኔ ደግሞ በእጄ አቀበልኳቸው። ጓደኛዬም ከእኔ በፊት እንዲሁ ተበልቷል፤ መልእክቱን የላከው እሱ አልነበረም።

ከዚህ የባሰ ጥፋት የሠራሁት ግን አክስቴ ከደወለች በኋላ ነው። ደንግጬ አፑን ከስልኬ አጠፋሁት። አቦ፣ እንዲህ እንዳታደርጉ! አፑን ማጥፋት ሌባውን አያስወጣም። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ሌሎችን ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ሲሞላው ነው። ሕጉ የተሠራው ሌባው ባለቤቱን እንዳያባርር ነው። እኔ አፑን አጥፍቼ ተመልሼ ስገባ አዲስ ገቢ ሆንኩ፤ በገዛ ቤቴ እንግዳ። ሌባው በስሜ ብር ሲለምን አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሳላጠፋው «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስስ» ገብቼ ሌሎቹን በሙሉ አስወጣ ብለው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ደግነቱ ሌባው የራሱን ፓስዎርድ አልቆለፈበትም። እናንተ ዛሬውኑ ቀድማችሁ ቆልፉ፤ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪውሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለው ነው። ያኔ ኮዱ ብቻውን አያስገባም። ፓስዎርዱንም ቢሆን ከአፑ ውጪ የትም አትጻፉ።

ገጹ ላይ የሞላሁት ፓስዎርድ የኢሜይሌም ነበር፣ አትፍረዱብኝ። በዚያው ሌሊት የኢሜይሌን ቀየርኩ፣ የማላውቃቸውን ስልኮች አስወጣሁ፣ መልእክቶቼ ወደ ሌላ አድራሻ እንዳይተላለፉም አየሁ። ብዙ ሰው ይቺን የመጨረሻዋን ይረሳታል። ኢሜይል የተያዘበት ሰው ሌላውን ቢቀይር ዋጋ የለውም፤ የሁሉም መክፈቻ እዚያ ይመጣል።

ብር ተልኮ ከሆነ ላኪው ወዲያው ባንኩ ጋ ይደውል። ጽሑፎቹን አታጥፉ፣ ስክሪንሾት አንሱና ፖሊስ ጋ ሂዱ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይሄ ወንጀል ነው። የአክስቴ ብር እስካሁን አልተመለሰም፤ ከኪሴ ከፍያታለሁ።

ደግሞ «የተበላብህን ብር እናስመልስልህ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ላክ» የሚል ሰው በሁለተኛው ቀን ጻፈልኝ። እሱም ያው ሌባ ነው፤ ብሎክ።

ሊንኩ አሁንም ድሬ ውስጥ ከሰው ሰው እየዞረ ነው። ከእኔ አካውንት የደረሳችሁም ካላችሁ አትክፈቱት። ብር የጠየቅኳችሁ ከመሰላችሁ ደግሞ ደውሉልኝና ድምፄን ስሙ።