ቋሚ መምህር ወይስ የትርፍ ሰዓት? አዳማ ላላችሁ ትንንሽ ኮሌጆች

ወጪ፦ የቋሚ መምህር ደመወዝ ክረምትም አይቆምም፤ የጡረታ መዋጮም አለ። የትርፍ ሰዓቱ የሚከፈለው ባስተማረው ሰዓት ልክ ነው።

የትርፍ ሰዓት መምህር ማግኘት፦ አዳማ በዚህ ታድላለች። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው። ከአዲስ አበባም በፈጣን መንገዱ ጠዋት መጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

የተማሪና መምህር ጥምርታ፦ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። 300 ተማሪና 10 ቋሚ መምህር ካለ፣ ለአንድ መምህር 30 ተማሪ ይደርሰዋል። 10 የትርፍ ሰዓት መምህራን ተጨምረው በነፍስ ወከፍ ከተቆጠሩ ወደ 15 ይወርዳል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን እያንዳንዳቸው የቋሚውን ሥራ ሩብ ብቻ የሚይዙ ከሆነ፣ ሁሉም ተደምረው ሁለት መምህር ተኩል ናቸው። እውነተኛው ቁጥር 24 ነው። ወላጆችም ልጅ ስታስመዘግቡ "ስንት መምህር አላችሁ?" ብላችሁ አትለፉ፤ "ስንቱ ቋሚ ነው?" በሉ።

ለተማሪው፦ የትርፍ ሰዓቱ መምህር ማርከሩን ከድኖ ወደ ባጃጅ ይሮጣል። አይፈረድበትም፣ ሌላ ክፍል ይጠብቀዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ኮሪደር ላይ የቆመው ልጅ ግን ማንን ያማክር? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ድክመቱን የሚያውቅ፣ ቢሮው የሚገኝ ሰው የግድ ያስፈልገዋል።

አዲስ የትምህርት ክፍል ከፍታችሁ የተማሪው ቁጥር ገና ካልለየ፣ የትርፍ ሰዓቱ ያዋጣል። እንደ ታክስና ኦዲት ላሉ ኮርሶችም ሥራው ላይ ያለ ባለሙያ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ለዋና ዋና ኮርሶችና ለተመራቂ ክፍል ግን ቋሚ መምህር ቅጠሩ። በዚህ አልደራደርም።