ማስታገሻ አልሸጥልሽም ያለችኝ ፋርማሲስት

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ወር አሰብኩበት። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለለመነችኝ አልጠቅስም። ዝም ልበል ብል ደግሞ ህሊናዬ አልፈቀደልኝም። አባቴ ዛሬ በእግሩ ሄዶ ቤተክርስቲያን ስሞ የሚመለሰው ጀሞ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ጥያቄ መጠየቅ ስለማይታክታት ነው።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ነው። አባዬ 67 ዓመቱ ነው። ለግፊቱ አምሎዲፒን፣ ለኮሌስትሮሉ ሲምቫስታቲን ለዓመታት ወስዷል። አንድም ቀን አስቸግረውት አያውቁም። በጾሙ መሃል ጨጓራው ሲነሳበት አንድ ክሊኒክ ሄደና የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘበት። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው፣ በየቤቱ የምንሰማው ነው። የተለመደው የ14 ቀን መድኃኒት ታዘዘለት፦ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል። ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ብሎ የጠየቀው የለም። ያዘዘለትም አልጠየቀም፣ የሸጠለትም አልጠየቀም። እኛ ልጆቹም አልተናገርንም። መናገር እንዳለብን መች አወቅን።

በአምስተኛው ቀን ጭኔን አመመኝ አለ። ብርድ ነው አልን። እማዬ ማታ ማታ ቅባት እየቀባች አሸችው። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከዱካው ሊነሳ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ሞከረ። ተመልሶ ቁጭ አለ። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሊጥል ሲል ደግሞ ክንዱ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቀረ። አባዬ ሕመሙን የሚናገር ሰው አይደለም። "እርጅና መጣ እንግዲህ" ብሎ ዝም አለ። ያቺ ክንድ እንደዚያ ስትቀር እስካሁን ትታየኛለች።

ከሥራ ስወጣ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ልገዛለት ወደ ፋርማሲው ገባሁ። ሁላችንም የምናደርገው ነው። ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሟል።

"ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለአባቴ። ጡንቻውን ያመዋል።"

ፓኬቱን ከመደርደሪያው አወረደችና እጇ ላይ ይዛው ቆመች። "ስንት ዓመታቸው ነው? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

የግፊት አለው አልኳት። ስሙን ስትጠይቀኝ አላውቀውም። "የኔ እህት፣ ቤት ደውይና ያለውን መድኃኒት ሁሉ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ። አንድም እንዳይቀር" አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር። ደክሞኛል፣ መሽቷል፣ የምፈልገው አንድ ማስታገሻ ብቻ ነው። ወንድሜ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ላከልኝ። ስልኬን ተቀብላ አንድ በአንድ እያጎላች አየቻቸው። ክላሪትሮማይሲኑ ጋ ስትደርስ ወደ ሲምቫስታቲኑ ተመለሰች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሽንታቸው ምን ይመስላል?" አለችኝ።

መልሼ ደወልኩ። አባዬ አፍሮ ለእኔ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ለወንድሜ ነገረው። "ጠቆር ያለ ሻይ ይመስላል። ጾም ስለሆነ ነው፣ ውሃ ስላልጠጣሁ ነው" ብሏል።

ፓኬቱን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። "ይቅርታ፣ ማስታገሻ አልሸጥልሽም። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ለነገ እንዳትይ።" በቁራጭ ወረቀት ላይ የሁለቱን መድኃኒቶች ስም ጻፈች። ከሥሩ ሦስት ምርመራ ጨመረችበት፦ ሲኬ፣ ኩላሊት የሚታይበት ክሬአቲኒን፣ ፖታሲየም። "ለሐኪሙ ይህን ስጪው" አለችኝ።

ሲኬ የሚባለው ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ነገር ነው። በጤነኛ ሰው 200 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። የአባዬ 16,400 ሆኖ መጣ። ኩላሊቱም መታወክ ጀምሮ ነበር። ሁለቱ መድኃኒቶች እዚያው ቆሙ፣ በደም ሥሩ የሚገባ ፈሳሽ ተሰቀለለት፣ አምስት ቀን ተኛ። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ሳያስፈልገው ወጣ። ተረኛው ሐኪም ወረቀቷን አይቶ "ይህን የጻፈው ማነው? ብዙ ሰዓት አትርፎልናል" ሲለኝ እንባዬ መጣ።

የሆነው ነገር ኋላ ሲገባኝ እንዲህ ነው። ሲምቫስታቲንን ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም እየሰባበረ ያስወግደዋል። ክላሪትሮማይሲን ያንን ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል። ያኔ ሲምቫስታቲኑ ደም ውስጥ ይከማቻል። አባዬ የዋጠው ያችኑ አንዲት ፍሬ ነው፣ ሰውነቱ ያገኘው ግን የብዙ ፍሬ ያህል ነው። ጡንቻው መፈራረስ ይጀምራል፣ ፍርስራሹ ወደ ኩላሊት ይወርዳል፣ ሽንትም ይጠቁራል። ጾሙና የውሃ ጥማቱ አባብሶታል። በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ ቢጨመርበት ኖሮ ለተጨነቀው ኩላሊት ሌላ ሸክም ነበር። ለቆሰለው ጨጓራም እንዲሁ። እኔ በገዛ ገንዘቤ ልገዛለት የነበረው ይህንን ነው።

ሁለቱ አብረው መወሰድ እንደሌለባቸው መድኃኒቱ ውስጥ ያለችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በደቃቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ። አባዬ በምን ዓይኑ ያነባታል?

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ላመሰግናት ሄድኩ። ገንዘብ አልቀበልም አለች። ይልቅ የአባዬን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል እንዳመጣ ጠየቀችኝ። ሌላም ነገር አገኘች። ከአምሎዲፒን ጋር ሲሆን ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ የአባዬ 40 ነበር። ራሷ አልቀየረችውም። ለሐኪሙ በደብዳቤ ጻፈችለት። እሱም ጊዜ ሰጥቶ፣ ደሙን ደጋግሞ አይቶ፣ በዝቅተኛ መጠን ሮዙቫስታቲን ጀመረለት። ይሄኛው ያንን ኢንዛይም ብዙም አይፈልገውም።

እኔ በንዴት የኮሌስትሮል መድኃኒት ሁለተኛ ቤታችን አይገባም ብዬ ነበር። እሷ ናት የተቆጣችኝ። "ስታቲን፣ እንደ ሲምቫስታቲን ያለው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ከድንገተኛ የልብ ሕመምና ከስትሮክ ስንቱን ያተርፋል" አለችኝና ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ስለተሠራ ጥናት ነገረችኝ። በሕመም ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ነበሩ። አንዳንዱን ወር እውነተኛውን፣ አንዳንዱን ወር መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን፣ አንዳንዱን ወር ምንም ሳይወስዱ አሳለፉ። ባዶውን ክኒን ሲውጡ የተሰማቸው ሕመም ከእውነተኛው 90 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እግሬን አመመኝ ብላችሁ መድኃኒታችሁን በገዛ እጃችሁ እንዳታቆሙ። የአባዬን የተለየ ያደረገው አዲስ መድኃኒት መጨመሩ፣ ጉልበቱ መክዳቱና የሽንቱ መጥቆር ነው። እነዚህን ካያችሁ ግን አትደሩ።

በነዚያ ቀናት እዚያ ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁ። አንድ ሰውዬ ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ እየወሰደ ተረከዙን ከላይ በኩል አሞት ቅባት ሊገዛ መጣ። ሲፕሮ ጅማት እንደሚጎዳ አስረድታ፣ ክኒኑን ሳይደግም ወዳዘዘለት ሐኪም ላከችው። የጎረቤታችን ጉዳይ ደግሞ ገረመኝ። ለወራት ደረቅ ሳል አላስተኛ ብሏት ሽሮፕ ስትቀያይር ከርማለች። ምክንያቱ የግፊት መድኃኒቷ ኢናላፕሪል ነበር። ፋርማሲስቷ ጠቁማት ሐኪሟ ቀየረላት። ሳሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠፋ።

የአባዬንም ጉዳይ መድኃኒት ያደረሰው ጉዳት በሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ ሞልታ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ልካለች። እንዲህ ያለ ቅጽ መኖሩን አላውቅም ነበር። በ8482 በነጻ ደውሎ ማሳወቅም ይቻላል።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፦ ያን ቀን ማስታገሻውን ሸጠሽልኝ ቢሆን ማንም አይወቅስሽም ነበር። ሦስት ሰው እየጠበቀሽ፣ እኔ ፊቴን አጥቁሬብሽ፣ ገበያሽን ትተሽ ስለ አንድ ስለማታውቂው ሽማግሌ ሽንት ጠየቅሽ። አባዬ "ያቺ ልጄ" ነው የሚልሽ። ለፋሲካ የላከልሽን ድፎ ዳቦ በግድ ስለተቀበልሽ ደስታው አልበረደለትም። እግዚአብሔር እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ወልደሽ ሳሚ።

ጀሞና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ወላጆቻችሁ ሁለት ሦስት ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱባችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለች። ስትሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የባህል መድኃኒትም ካለ ጨምሩበት። እሱንም ትጠይቃለች።