በድሬዳዋ ሙቀት ለሚሠራ የአቶም ሰዓት የቱ አዮን? አሉሚኒየም ወይስ ይተርቢየም

እንዲህ ያለው ሰዓት ጊዜን የሚቆጥረው በወጥመድ የታሰረ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም) በሚቀበለው የብርሃን ድግግሞሽ ነው። ሙቀት ለሚያሰጋው አሉሚኒየም ይሻላል፤ ከአካባቢው ሙቀት የሚመጣበት አንጻራዊ የድግግሞሽ መዛነፍ ከ10⁻¹⁷ በታች ነው። በይተርቢየም (በ467 ናኖሜትር ብርሃን ከአንድ የኃይል ደረጃ ወደ ሌላው በሚያደርገው ሽግግር) ግን 7×10⁻¹⁷ ገደማ ይደርሳል፤ ወጥመዱ ከ25 ወደ 35 ዲግሪ ቢሞቅ ደግሞ 10⁻¹⁷ ያህል ይጨምራል። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ መስቀል ዋጋ የለውም፤ አዮኑን አስሮ የሚይዘው የሬዲዮ ሞገድ ወጥመዱን ራሱን ስለሚያሞቀው መለኪያው እዚያው ይሁን።

የአሉሚኒየም ጣጣው ሌላ ነው። ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው የ167 ናኖሜትር ሌዘር በቀላሉ ስለማይሠራ፣ አብሮት የታሰረ የማግኒዚየም አዮን ያቀዘቅዘዋል፣ ሁኔታውንም ያነብለታል። ይተርቢየም በ370 ናኖሜትር ብቻውን ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም ሽግግሩን የሚቀሰቅሰው መርማሪ ሌዘር ራሱ ድግግሞሹን ይገፋዋል። ለጀማሪ ላቦራቶሪ ግን ይተርቢየም ነው የሚያዋጣው።

ሰዓቱን ሐረር ብትተክሉት ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚበልጥ (ከፍ ባለ ቦታ የስበት ተጽዕኖ ስለሚቀንስ ሰዓት ይፈጥናል)፣ የትኛውም አዮን ቢሆን ከድሬዳዋው በቀን 6 ናኖሰከንድ ገደማ ይቀድማል።